ሰባት ከረጢት

አባቴ ሚስማር አልመታም፤ ወራጅ አላጋጠመም፤
ከአዌቱ ማዶ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ
አንዲት ድንጋይ አላቀበለም።
ጡረታውን ግን ሰጠ፣
የባሕር ዛፉን ቦታ ሸጠ፣
ለአሸዋው፣ ለጣውላው ሒሳብ ሌሊት ሌሊት ተቀመጠ።
"ምነው ሃምሳ አለቃ ሽብሩ፣ መዶሻ ይፈራሉ?" ይሉታል፤
መዳፉን ገልብጦ ያየዋል፤ መልሶ ኪሱ ይከተዋል።
"ዳዊትንም ከልክሎታል" ይላል፤ ሌላ አይጨምርም።
ከናቅፋ ይዞት ስለመጣው እጅ እኛ ቤት አይነገርም።

ማታ መብራት ሲጠፋ፣ ሻማ በጠርሙስ አቁሞ፣
በክር የታሰረ መነጽሩን ካፍንጫው ጫፍ አጋድሞ፣
የሰሎሞንን ቤት ያነብልኛል። በክንዱ ይለካል፤
ስድሳ ክንድ፣ ሃያ ክንድ... ግድግዳችን ያልቃል።
"ወርቁን ተዪው" ይለኛል፣ "ወርቅ የትም አለ፤ ይኼን ስሚ፦
ድንጋዩ ተጠርቦ ያለቀው እዚያው ከተፈለጠበት ነው፤
ቤቱ ሲቆም መጥረቢያ አልጮኸ፣ መዶሻ አልጮኸ።
እግዜር ጆሮው ስስ ነው፤
ብረት ከብረት ሲጋጭ፣ የሚሰማው ያንን ነው።"
"ያንን" ያለው ምኑን እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

አናጢው ዘይኑ አባ ቡልጉ ነበር፣ የሂርማታ ሰው፣
በርጩማ ከአንድ ግንድ ፈልፍሎ ያለ ሚስማር የሚጨርሰው።
አባቴ ሄዶ ለመነው፦
"ወንዙ ዳር ጥረበው፤ ላይኛው ግቢ ድምፅ አይሰማ።"
ዘይኑ ጢሙን እያሻሸ ሳቀ።
"የመዶሻውንስ እሺ፤
የጅማን ዝናብ ማን ዝም ያሰኘዋል ጋሼ?"
ግን ጠረበው።
የዋንዛው ምሰሶ በትከሻ ዳገቱን ወጣ፤
ጥርሱ ከጥርሱ ሲገባ፣ ነፋስ እንደነካው የእንሰት ቅጠል
ሹክ አለ እንጂ አልጮኸም።

ሐምሌ አሥራ ሁለት ሌሊት፣ ጣሪያው ግማሹ ሳይለብስ፣
ዝናቡ መጣ፣ ከጅሬን ኮረብታ ቁልቁል ሲገለበስ።
አባቴ ጥላ ይዞ ወጣ፣ ሲሚንቶውን ሊያይ፤
ከመቅደሱ ግድግዳ ሥር፣ ከአሸዋው ክምር ላይ፣
ከመናኸሪያ የተባረረች ሴት፣ የአሥር ቀን ልጅ በጉያዋ።
ሸራው አንድ ነው።
ሲሚንቶውን አየ። ልጁን አየ።
ሸራው አንድ ነው።

ሲነጋ ሰባት ከረጢት ውኃ ጠጥቶ፤
በሦስተኛው ቀን ድንጋይ።
የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ከፈለኝ ከንፈሩ ደረቀ፤
"የእግዚአብሔር ገንዘብ እኮ ነው!"
"ከጡረታዬ ቁረጡ" አለ አባቴ።
እኔም፣ ምን ልዋሽ፣ ተናድጄ ነበር፤
ሁለቱ ከረጢት የኔ ደመወዝ ናቸው፣
የሆስፒታል አንሶላ ያጠብኩበት፣ በረኪና ጣቴን የበላበት።

ያን ማታ የንጉሡን ጸሎት አነበበ፦
ሰማይ እንኳ አይበቃህም፣ እንኳን ይኼ ቤት...
ጣቱን መስመሩ ላይ አቆመ።
"ታዲያ ያን ሁሉ ክንድ ለማን ነው የለካው?" አለኝ።
ዝናቡ ቆርቆሯችን ላይ ነበር።
አልመለስኩለትም።

አሁን ታቦቱ ገብቷል፤ ጉልላቱ ከሩቅ ያበራል።
ሰባቱን ያነሣቸው የለም፤ በሩ አጠገብ እንደተጋደሙ ናቸው፤
የከረጢቱ እጥፋት አለባቸው፣ የስፌቱ ክር ምልክት፤
አንዱ ላይ የፋብሪካው ስም እኩሌታ።
ከገበያ የምትመለስ ሸክሟን ታወርድባቸዋለች፤
ቅዳሴው የረዘመበት ሽማግሌ፣
ወደ ውስጥ ለመግባት ያፈረ ሰው ይቀመጥባቸዋል።

ባለፈው ዘይኑ መጣ፣ የቀረ ሒሳብ ሊጠይቅ።
አንዱን ዳሰሰ፣ በአናጢ ጣት፣ ጠርዙን ተከትሎ።
"ይኼን ማን ጠረበው?"
"ዝናብ" አለ አባቴ።
"ብረት አልነካውማ?"
"አልነካውም።"
ዝም ተባባሉ፤ ቆይተው ተቀመጡ።
ፀሐይ ወጥታ ነበር።
አባቴ መዳፉን ከኪሱ አውጥቶ
ድንጋዩ ላይ ዘረጋው።